ዓመቱ ራሱ እንቅፋት ሲሆን፦ ወጣቷ ጄን ቴኒሰን እና የፕሪኩዌል አጻጻፍ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ በተለይም ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የምትጽፉና ለመጻፍ የምትዘጋጁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ርእሳችን የ22 ዓመት ወጣት የሆነች አንዲት ፖሊስ ናት። ስሟ ጄን ቴኒሰን ነው። የለንደን ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ኮንስታብል ናት፤ የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። የተመደበችው በምሥራቅ ለንደን፣ ሃክኒ ጣቢያ ነው። ዘመኑ 1973። እዚህ የምጠራቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ 1973 በእኛ አብዛኛው 1965፣ መጨረሻው ደግሞ 1966 ዓ.ም. ላይ ይወድቃል።

ድራማው «ፕራይም ሰስፔክት 1973» ይባላል። የእንግሊዙ አይቲቪ ከመጋቢት 2 እስከ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ በስድስት ክፍል አሳየው። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ግሌን ሌከር፣ መነሻው ሊንዳ ላ ፕላንት በ2015 ያሳተመችው «ቴኒሰን» የተባለ ልቦለድ ነው። ጄንን ሆና የምትጫወተው ስቴፋኒ ማርቲኒ ናት። አለቃዋን ኢንስፔክተር ሌን ብራድፊልድን ሳም ሪድ፣ የወንበዴ ቤተሰብ አባት የሆነውን ክሊፎርድ ቤንትሊን አለን አርምስትሮንግ ይጫወታሉ። ከዚህ በፊት ደግሞ ዋናው ሥራ አለ፦ ከ1991 እስከ 2006 በሰባት ዙር የቀረበው፣ ሄለን ሚረን ጎልማሳዋን ቴኒሰንን የተጫወተችበት «ፕራይም ሰስፔክት»።

ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፕሪኩዌል፣ ማለትም ከታወቀ ሥራ በፊት የሆነውን የሚተርክ ድራማ፣ ስንጽፍ ቶሎ የሚመጣልን ጥያቄ «ይህቺ ሴት እንዴት እንዲህ ሆነች?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ድራማ አይወልድም፤ ማብራሪያ ነው የሚወልደው። ድራማ የሚወልደው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «በዚያ ዓመት፣ በዚያ ማዕረግ፣ በዚያ ጣቢያ፣ ምን ማድረግ አትችልም ነበር?» የ1973ቱ ድራማ የተሳካበትም የከሸፈበትም ቦታ ከዚህ ጥያቄ ጋር ይያያዛል።

ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያውቀው

እንደ ጸሐፊ መጀመሪያ የምታደርጉት ተመልካቹ ይዞት የመጣውን መቁጠር ነው። በ1991ዱ የመጀመሪያ ታሪክ ዋና ኢንስፔክተር ሼፎርድ አንድ የግድያ ጉዳይ እየመራ ሳለ በልብ ሕመም ድንገት ይሞታል። ቴኒሰን ጉዳዩ ለእሷ እንዲሰጣት ትጠይቃለች፤ ሳጅን ኦትሊ ደግሞ ሴት አለቃ አልቀበልም ብሎ ከሥር ከሥሯ ይቦረቡራል። በ2006ቱ የመጨረሻ ክፍል ጡረታ ልትወጣ ነው፤ ብቸኛ ናት፤ መጠጡም አሸንፏታል።

ስለዚህ በ2017 ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠ ሰው ብዙ ያውቃል። ጄን አትሞትም። ከፖሊስ አትባረርም። ማዕረጓ ያድጋል። ትዳር አይዝላትም። ዕድሜውንም አስሉት፦ በ1973 22 ዓመቷ ከሆነ በ1991 40፣ በ2006 ደግሞ 55 ይሆናል። የእንግሊዝ ፖሊስ በዚያ ዘመን ሙሉ ጡረታ የሚያገኘው በ30 ዓመት አገልግሎት ስለነበር ሒሳቡ ይገጥማል። እንዲህ ዓይነቱን ሒሳብ ካልሠራችሁ ተመልካቹ ይሠራላችኋል፤ ስሕተቱንም ያገኘዋል።

«ትተርፍ ይሆን?» የሚለው ልብ ሰቀላ አስቀድሞ ተወስዶባችኋል ማለት ነው። በእጃችሁ የሚቀረው ጉዳዩ ራሱ፣ በዋናው ሥራ ውስጥ የሌሉ አዳዲስ ሰዎች፣ እና እያንዳንዷ ትንሽ እርምጃ የምታስከፍላት ዋጋ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። ዋጋውን የሚተምነው ደግሞ ዓመቱ ነው።

ለምን 1973?

የዓመቱ ምርጫ በጣም ትክክል ነበር ብለን እናምናለን። ምክንያቱን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ሴቶችን ለቅኝት ማሰማራት የጀመረው በ1919 ነው። የማሰር ሥልጣን ያገኙት ግን በ1923 ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሴቶቹ የራሳቸው ክፍል ነበራቸው፤ ኤ4 ይባል ነበር። ሥራቸው የታወቀ ነው፦ የጠፉ ልጆችን መፈለግ፣ ሴት ታሳሪን መፈተሽ፣ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ቃል መቀበል። ደሞዛቸው ከወንድ ባልደረባቸው 90 በመቶ ነበር። ማዕረጋቸውም በራሳቸው መሰላል ላይ ነበር የሚወጣው፤ ሴት ሳጅን፣ ሴት ኢንስፔክተር፣ ከዚያም በላይ።

በ1973 ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ይህን ክፍል ወደ ዋናው ኃይል ቀላቀለው። የጾታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ የወጣው ግን ገና በ1975 ነው። እዚህ መካከል ያለውን ክፍተት ልብ በሉ። አሮጌው ቤት ፈርሷል፤ በአዲሱ ቤት ግን ሴቲቱን የሚጠብቃት ሕግ ገና አልተጻፈም። በአሮጌው ክፍል የምታማክራት ሴት አለቃ ነበረቻት። በአዲሱ ግን በአንድ ፈረቃ ብቸኛዋ ሴት ልትሆን ትችላለች፤ ከሳጅኑ እስከ ጣቢያው አዛዥ ድረስ ሁሉም ወንዶች ናቸው። በጊዜው ውህደቱን ያልወደዱ ሴት ፖሊሶች የነበሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከእኩልነቱ ጋር የራሳቸው የዕድገት መሰላልም ተወስዷል።

ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ ወንዶቹን ሁሉ ክፉ ማድረግ አያስፈልገውም። አንድ ደግ ሳጅን እንኳ «ሴት ልጅ ጠፋች፣ እናቲቱ እያለቀሰች ነው፣ አንቺ ሂጂ» ቢላት፣ እሱ ለሥራው ትክክለኛውን ሰው የላከ ይመስለዋል፤ እሷ ግን በዚያች ደቂቃ ከግድያው ስብሰባ ወጥታለች። የ1973ቱ ድራማ ከሚበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ጁሊ አን የተባለች የሄሮይን ሱሰኛ ወጣት ተገድላ ትገኛለች፤ ጄን ወደ ምርመራው የምትገባው በትልቁ በር ሳይሆን በሻይ፣ በመዝገብና በሐዘንተኛ ቤተሰብ በኩል ነው።

ልብሱንም አስቡት። ቀሚስ እንጂ ሱሪ የለም። የእጅ ቦርሳ የዩኒፎርሙ አካል ነው፤ የሴቷ ዱላ ከወንዱ አጭር ሆኖ የተሠራው በዚያ ቦርሳ እንዲገባ ነው። አጥር መዝለል ያለባት ትዕይንት ስትጽፉ እነዚህን ሦስቱን አትርሱ፤ ቀሚሱ፣ ቦርሳው፣ አጭሩ ዱላ። ሌላ እንቅፋት መፍጠር አያስፈልጋችሁም።

መሣሪያዎቹ፣ እና አለመኖራቸው

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ ልውሰድ። ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ አንድ ምስክር፣ ሟቿ የገባችበትን መኪና ሰሌዳ ቁጥር ለጄን ይነግራታል። ቀጥሎ ምን ይሆናል?

ታሪኩ በ1991 ቢሆን መልሱ አጭር ነው። በሬዲዮ ትጠይቃለች፤ ማዕከሉ በፖሊስ ኮምፒውተር ይመለከታል፤ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ወዲያው ይመጣል። ትዕይንቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በ1973 ግን የብሔራዊ ፖሊስ ኮምፒውተር ገና ሥራ አልጀመረም፤ የጀመረው በ1974 ነው። የተሽከርካሪ መዝገብም በዌልስ፣ ስዋንዚ በሚገኘው ማዕከል አልተጠቃለለም፤ በየአካባቢው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት በካርድ ተይዞ ይገኛል። ከሰሌዳው ፊደሎች የትኛው ምክር ቤት እንደመዘገበው ይለያል። ከዚያ ወደዚያ ጽሕፈት ቤት ይደወላል፤ ብዙውን ጊዜ በሥራ ሰዓት። ጸሐፊው ካርዱን ይፈልጋል። መኪናው ከተሸጠና ወደ ሌላ አካባቢ ከሄደ ካርዱም ተዛውሮ ይሆናል፤ እንደገና ሌላ ስልክ።

ስለዚህ ጄን ሌሊቱን ሙሉ ስሙን ሳታውቅ ታድራለች። ጠዋት መደወል አለባት። ስልኩ ግን በመርማሪዎቹ ክፍል ነው፤ መርማሪዎቹ ክፍል ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ፈቃድ ለማግኘት ለሳጅኑ ማስረዳት አለባት፤ ካስረዳች ደግሞ ሳጅኑ ቁጥሩን ወስዶ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። አንዲት የካርድ ሣጥን አራት ትዕይንት ሰጠችን። አንዱም የተጋነነ አይደለም።

ሬዲዮውም እንዲሁ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ፖሊስ በኪስ የሚይዘው የፓይ ኩባንያ ሥሪት ሁለት ቁራጭ ነበረ፤ አንዱ መስሚያ፣ አንዱ መናገሪያ። መናገሪያው ላይ ቁልፉን ስትጫኑ ትንሽ አንቴና ብቅ ይላል። ተዋናይቱ በአንድ እጇ አንድ ሣጥን ይዛ ብትናገርና በዚያው ብትሰማ፣ የዘመኑን ዕቃ የሚያውቅ ተመልካች ወዲያው ከታሪኩ ይወጣል።

አሻራ በብሩሽና በአልሙኒየም ዱቄት ይነሣል፤ በሚጣበቅ ፕላስቲክ ይገለበጣል፤ ከዚያ በሜትሮፖሊታን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ስኮትላንድ ያርድ፣ ያለ ባለሙያ በማጉያ መነጽር ከወረቀት መዝገብ ጋር ያስተያየዋል። ተጠርጣሪ ተብሎ የተጠራ ሰው ካለ ንጽጽሩ ፈጣን ነው። ስም ከሌለ፣ ያለ ስም በመዝገቡ ሁሉ ውስጥ መፈለግ እጅግ አድካሚ ነው። ዲኤንኤ የለም፤ ሳይንቲስቱ አሌክ ጄፍሪስ ሰውን በዲኤንኤ የመለየት ዘዴን ያገኘው በ1984 ነው። ያለው የደም ዓይነት ምርመራ ብቻ ነው፤ እሱም ሰውን ከጥርጣሬ ማውጣት ይችላል እንጂ «ይሄ ነው» ብሎ መጠቆም አይችልም። የምርመራ ክፍሉ መረጃ በካርድ ነው የሚደራጀው፤ ፊደል ተራ የሳተ አንድ ካርድ ገዳዩን ለወራት ሊደብቀው ይችላል። ይህ የምናብ አደጋ አይደለም፤ በዮርክሻየር በተከታታይ የተገደሉት ሴቶች ምርመራ ላይ በእርግጥ የደረሰ ነው። ለትልልቅ ምርመራዎች የተሠራው የኮምፒውተር ሥርዓት የመጣውም ከዚያ ውድቀት በኋላ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው።

እነዚህን የምዘረዝረው ለጌጥ አይደለም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት፣ ሰፊ ሱሪ፣ የዘመኑ ሙዚቃ ሁሉም ጥሩ ነው፤ የ1973ቱም ድራማ በዘመኑ ዘፈኖች የተሞላ ነው። ጌጡ ግን የሰውን ውሳኔ አይለውጥም። የካርድ ሣጥኑ ይለውጣል። የፕሮዳክሽን በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ገንዘቡን ከመንገድ ላይ መኪናዎች ቀንሱና ታሪኩን በካርዶች፣ በጽሕፈት መኪናና በካርቦን ወረቀት ዙሪያ አስኪዱት።

የምርመራ ክፍሉና ማስታወሻ ደብተሩ

እዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የወጣት ፖሊስ ድራማ ልቡ ያለው እዚህ ስለሆነ።

በ1973 ተጠርጣሪን መጠየቅ የሚገዛው የዳኞች ደንብ የሚባለው መመሪያ ነበር። የተከሳሽ መብትና የፖሊስ ሥልጣን በዝርዝር በሕግ የተጻፈው በ1984 ነው። ቴፕ መቅጃ ጠረጴዛው ላይ የለም። የታሳሪውን አያያዝ የሚቆጣጠር፣ ከምርመራው የተለየ መኮንን በሕግ አልተመደበም። አንድ መርማሪ ይጠይቃል፣ ሌላው ይጽፋል፤ ተጠርጣሪው ቃሉን ከሰጠ ገጽ በገጽ ይፈርማል። ካልፈረመ ደግሞ «እንዲህ ብሏል» ብሎ የሚመሰክረው የፖሊሱ ማስታወሻ ደብተር ነው።

ይህ አሠራር ምን ሊያደርስ እንደሚችል የሚያሳይ እውነተኛ ጉዳይ በዚያው ጊዜ ነበረ። በሚያዝያ 1972 በደቡብ ለንደን፣ ካትፎርድ፣ ማክስዌል ኮንፌት የተባለ ሰው ተገደለ። ሦስት ልጆች ተያዙ፤ ታላቁ 18፣ ታናሹ 14 ዓመቱ ነበር፤ ታላቁም የአእምሮ ዕድገቱ ከዕድሜው በጣም ወደ ኋላ የቀረ ነበር። ወላጅም ጠበቃም ሳይኖር ተጠይቀው «አድርገናል» አሉ፤ ተፈረደባቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው በ1975 ነው። ከዚያ የተነሣው ምርመራና ኮሚሽን ነው የ1984ቱን ሕግ ያስከተለው። እንግዲህ አስቡት፤ ጄን በሃክኒ ጣቢያ ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ልጆች ባላደረጉት ታስረዋል፤ በየጣቢያውም ያው አሠራር ትክክል ነው ተብሎ ቀጥሏል።

ለጸሐፊ ይህ ምን ይሰጣል? ሴት ተጠርጣሪ ወይም ሴት ምስክር ስትጠየቅ ሴት ፖሊስ እንድትገኝ ይፈለጋል። ስለዚህ ጄን ክፍሉ ውስጥ ለመገኘት ሕጋዊ ምክንያት አላት፤ ለመናገር ግን የላትም። ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ማስታወሻ ደብተር ይዛለች። ደብተሩ ደንብ አለው፦ ገጾቹ ቁጥር አላቸው፣ ገጽ አይቀደድም፣ ባዶ መስመር አይተውም፣ ስሕተት በአንድ መስመር ተሰርዞ አጠገቡ ይፈረምበታል እንጂ አይደለዝም። በሌላ በኩል ሁለት ፖሊሶች ከጥያቄው በኋላ ተቀምጠው ማስታወሻቸውን በጋራ መጻፍ የተለመደ ነበር።

አሁን ትዕይንቱን ጻፉት። ጥያቄው አልቋል። አንድ አንጋፋ ሳጅን ወንበር ስቦ ይቀመጥና «ነይ፣ ማስታወሻችንን አብረን እንጻፍ፣ ቃሉ እንዲገጥም» ይላታል። ድምፁ የዛቻ አይደለም፤ ሊያስተምራት ነው። እሷ የሰማችውና እሱ የሚያጽፋት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለያያሉ። ብትጽፍ ወደ ክፍሉ ተቀብለዋት ማለት ነው። ባትጽፍ ነገ ጠዋት ወደ ጠፉ ልጆች መዝገብ ትመለሳለች። ጩኸት የለም፣ ስድብ የለም፣ ሽጉጥ የለም። በ1991 የምናውቃት፣ ማንንም በቀላሉ የማታምን ሴት ከእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ብትመጣ ተመልካቹ ራሱ ያገናኘዋል፤ እናንተ ማገናኘት የለባችሁም።

የት ላይ ተሳሳተ?

ድራማው ከአንድ ዙር አላለፈም። አይቲቪ በዚያው በ2017 እንደማይቀጥል አሳወቀ። ላ ፕላንትም ስክሪፕቱ ገና ሲዘጋጅ በሥራው አቅጣጫ ሳትስማማ ከፕሮጀክቱ ወጥታ ነበር። ከጀርባው ያለውን የውል ነገር ትተን ስክሪን ላይ የሚታየውን እንመርምር።

ትልቁ ችግር የእይታ መከፋፈል ነው። ከግድያው ጎን የቤንትሊ ቤተሰብ ወደ አንድ ባንክ ዋሻ ይቆፍራል። ሐሳቡ በራሱ ጥሩ ነው፤ እውነተኛ አምሳያም አለው። በመስከረም 1971 በለንደን ቤከር ስትሪት የሎይድስ ባንክን የዘረፉት ሰዎች ሁለት ቤት ርቆ የሚገኝ የቆዳ ዕቃ ሱቅ ተከራይተው፣ በመካከል ባለው የዶሮ ምግብ ቤት ሥር 12 ሜትር ያህል ቆፈሩ። ጣሪያ ላይ ካለው ጠባቂ ጋር የተነጋገሩበትን ሬዲዮ አንድ የሬዲዮ አፍቃሪ ቤቱ ሆኖ ሰማ፤ በካሴት ቀዳው፤ ለፖሊስ ደወለ። ፖሊስ በአካባቢው ያሉትን ባንኮች ሁሉ ዞረ፤ ሌቦቹ ውስጡ ባሉበት ባንክ ደጃፍ እንኳ ደርሶ ነበር። የግምጃ ቤቱ በር በሰዓት በሚሠራ ቁልፍ ተዘግቷል፣ ምንም ምልክት አይታይም፤ ተመለሰ። የ1970ዎቹ መሣሪያ የሚሰጠውን ድራማ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

በድራማው ግን ዋሻው ሲቆፈር ጄን እዚያ የለችም። በንግድ ቴሌቪዥን የአንድ ሰዓት ክፍል፣ ማስታወቂያው ሲወጣ የሚቀረው 46 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስድስት ክፍል 276 ደቂቃ ይሆናል። ከዚህ ሲሶው ወደ ወንበዴዎቹ ከሄደ 92 ደቂቃ ያለ ጄን አለፈ ማለት ነው። ተመልካቹ ከፖሊሷ ቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍል እሷ ዘግይታ የምትደርስ ትመስላለች። በ1991ዱ የመጀመሪያ ታሪክ ካሜራው በአብዛኛው ከቴኒሰን ጋር ነበር፤ እኛም የምናውቀው እሷ ስታውቅ ነው፤ በሁለት ማታ የተሰጠው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ እንደ አንድ እስትንፋስ የሆነው ለዚህ ነው። ቤከር ስትሪትን የሚያስታውስ ሰው መፍትሔውን ያየዋል፦ ዋሻውን አታሳዩ። ድምፁን ብቻ ስጡን፤ በካሴት የተቀዳ፣ ማን እንደሚናገር የማይታወቅ ንግግር። ወጣቷ ፖሊስ ሌሊቱን ተቀምጣ ታዳምጠው። ታናሽ ስለሆነች የተሰጣት አሰልቺ ሥራ የጉዳዩ ቁልፍ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ብራድፊልድ ነው። ኢንስፔክተሩ አስተማሪዋም፣ በር ከፋቿም፣ የፍቅር ተስፋዋም ነው። ሳም ሪድ በደንብ ተጫውቶታል፤ ጥያቄው የተዋናይ አይደለም። አለቃው ወደ ምርመራው ሲያስገባት፣ ችሎታዋን አይቶ ነው ወይስ ወዷት? አንድ ጊዜ ይህ ጥያቄ ከተነሣ ያገኘችው እርምጃ ሁሉ ይጠረጠራል። የጣቢያው ወንዶች ይህን ጥርጣሬ ፊቷ ላይ ቢናገሩት ኖሮ ድራማው ከባድና እውነተኛ ይሆን ነበር። በከፊል ተነክቶ ታለፈ።

ከዚህ ጋር «ኤንዴቨር»ን አስተያዩ። እሱም ፕሪኩዌል ነው፤ ከ1987 እስከ 2000 ጆን ቶው የተጫወተውን የኦክስፎርዱን ኢንስፔክተር ሞርስን በወጣትነቱ ያሳያል። የሙከራ ክፍሉ በጥር 2012 ወጣ፤ በ2023 ሲያበቃ 36 ፊልሞች ነበሩት። ጸሐፊው ራስል ሉዊስ ለወጣቱ ሞርስ ፍሬድ ተርስዴይ የተባለ አለቃ ፈጠረለት፤ አባት የሚሆን፣ ቤተሰብ ያለው፣ በጦርነት ያለፈ። ይህ ሰው በዋናው ድራማ ውስጥ ስሙ አንድም ጊዜ አልተነሣም። ሉዊስ ይህን እንደ ጉድለት አልደበቀውም፤ ሞተር አደረገው፦ እንዲህ የሚወደውን ሰው ጎልማሳው ሞርስ ለምን ጠርቶት አያውቅም? ተመልካቹ 11 ዓመት መልሱን ጠበቀ። የ1973ቱ ድራማ ብራድፊልድን በዚህ መንገድ ሊጠቀምበት ይችል ነበር፤ ጎልማሳዋ ቴኒሰንም ስለ እሱ ዝም ብላለችና።

ተቃራኒውን ምርጫ ያደረገ ሌላም አለ። ኔትፍሊክስ በ2020 ያወጣው «ያንግ ዋላንደር» ስዊድናዊውን መርማሪ ወጣት አድርጎ፣ ዘመኑን ግን ወደ ዛሬዋ ማልሞ አመጣው። ተንቀሳቃሽ ስልክ አለ፣ ካሜራ አለ። ገጸ ባሕሪው ወጣ፣ ዓመቱ ቀረ። ሁለት ዙር ሄዶ ቆመ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ግን ዓመቱ ሲወጣ እንቅፋቱ ሁሉ አብሮ ወጥቷል፤ ጸሐፊዎቹም በየክፍሉ አዲስ እንቅፋት መፈልሰፍ ነበረባቸው።

ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጡ

እኛ የምንመክረው የሥራ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። አንድም ትዕይንት ሳትጽፉ ሦስት ወረቀት አዘጋጁ። በመጀመሪያው ላይ ዋናው ሥራ ስለ ገጸ ባሕሪዋ በአንደበት የተናገረውን ሁሉ ጻፉ፤ የተባለውን ብቻ፣ የገመታችሁትን አይደለም። ከዚያ ግማሹን እንዳትነኩት ምልክት አድርጉበት። መጠጡን፣ ሲጋራውን፣ ብቸኝነቱን አንድ በአንድ «እንዴት ጀመረ» እያላችሁ ካሳያችሁ፣ ሰው መሆኗ ይቀርና መዝገብ ትሆናለች።

ሁለተኛው የዓመቱ ወረቀት ነው። በአራት ዓምድ ክፈሉት፦ ሕጉ የሚፈቅደው፣ ያለው መሣሪያ፣ ማን ማንን ያዛል፣ እና ገጸ ባሕሪዋ የማትችለው። ለ1973 ብቻ ብትሠሩት እንኳ የግንቦትና የነሐሴ ወር ይለያያል፤ የእንግሊዝ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ በ1971 ቢወጣም በሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ 1973 ነው። ሦስተኛው የማዕረግ ወረቀት ነው፤ ከኮንስታብል እስከ አዛዥ፣ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ጭምር። በ1991ዱ ቴኒሰን «እሜቴ» በሚመስለው የአክብሮት መጠሪያ ሳይሆን ወንድ አለቆች በሚጠሩበት ቃል እንዲጠሯት ትፈልግ ነበር፤ የ1973ቷ ኮንስታብል ግን ምን ተብላ እንደምትጠራ የመምረጥ ዕድል የላትም።

የአገራችንን ታሪክ ለምትጽፉም ሥራው ያው ነው። በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያለ መርማሪን «ኮማንደር» ካላችሁት ታሪኩ እዚያው ተሰበረ፤ በዚያ ጊዜ የፖሊስ መኮንን መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ ነበር። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ይህ ሰዓት ለክፍላችሁ ተፈጥሯዊ ቆጣሪ ነው፤ ደንቡ ሲከበርም ሲጣስም ድራማ ይሰጣል። የቆዩትን የ«ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣ እትሞች ተቀምጣችሁ ብታገላብጡ ደግሞ፣ በየጊዜው ፖሊስ ራሱን እንዴት ይገልጽ እንደነበርና የትኛው ወንጀል ዜና ይባል እንደነበር ቋንቋውን ከነለዛው ታገኙታላችሁ።

የመጨረሻው የቴክኒክ ጥያቄ ፕሪኩዌሉ የት ይቁም የሚለው ነው። ላ ፕላንት የወጣቷን ቴኒሰን ታሪክ በልቦለድ ቀጥላ ከ2015 እስከ 2024 አሥር መጽሐፍ አደረሰችው፤ ኮንስታብሏን ደረጃ በደረጃ ወደ ግድያ ምርመራ ክፍል አስጠጋቻት። ቴሌቪዥን ያንን ያህል ጊዜ አይሰጣችሁም፤ ስድስት ክፍል ከተሰጣችሁ የስድስት ክፍል ርቀት ብቻ ተጓዙ። ከኮንስታብል ተነሥታችሁ ዋና ኢንስፔክተሩ በር ላይ ለማድረስ አትሞክሩ። በክፍል አንድ ጄን ወደ መርማሪዎቹ ክፍል የምትገባው ሻይ ይዛ ከሆነ፣ በክፍል ስድስት የራሷን የምስክር ቃል ወረቀት ይዛ፣ ስሟ ከሥሩ ተጽፎ፣ ማንም ሳያዛት ብትገባ ለ276 ደቂቃ በቂ መንገድ ነው። ቀጣዩን ማዕረግ ለሁለተኛው ዙር አቆዩት፤ ሁለተኛው ዙር ባይፈቀድም ተመልካቹ የቀረውን 18 ዓመት ከዋናው ሥራ ያውቀዋል።